ዉድፎርድ፦ ስለ ቀድሞው የቸርችል የምርጫ ክልል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዛዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክረስት ያረፉት በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ከአርበኞች መካከል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖሩት ግን ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ፣ ዉድፎርድ በምትባል ሰፈር ነበር። ያንኑ ሰፈር ወክለው በእንግሊዝ ፓርላማ የተቀመጡት ደግሞ ዊንስተን ቸርችል ናቸው። ስለ ሁለቱ ሰዎች ሳነብ ይህ ስም ደጋግሞ ይገጥመኝ ስለ ነበር ታሪኩን ተከታትዬ፣ አንባቢ ሊጠይቃቸው የሚችላቸውን ነገሮች እዚህ ሰበሰብኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዉድፎርድ የምርጫ ክልል ሆኖ የቆየው ከመቼ እስከ መቼ ነው?

ከ1945 እስከ 1964፣ ማለትም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አምስት ጠቅላላ ምርጫዎች ተካሂደውበታል። በአምስቱም ያሸነፉት ቸርችል ናቸው። ዉድፎርድ ከእርሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ተወካይ አላየም። የምርጫ ክልሉ ዕድሜና የአንድ ሰው የፓርላማ ሕይወት የመጨረሻ ምዕራፍ እንዲህ መገጣጠማቸው ብርቅ ነው፤ ስሙ ዛሬም የሚነሳው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ለምን ተቋቋመ?

የሕዝብ ቁጥር አስገድዶ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለንደን ወደ ውጭ እየሰፋች ስትሄድ በዙሪያዋ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች በአዳዲስ ቤቶች ተሞሉ። የምርጫ ክልሎቹ ድንበር ግን የቆየው እንደ ድሮው ነበር። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ የምርጫ ክልል ከመቶ ሺህ በላይ መራጮችን ይዞ እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ይልካል፤ የአንዱ ሰፈር ነዋሪ ድምፅ ከሌላው በግማሽ ያነሰ ዋጋ ነበረው ማለት ነው። በ1944 የወጣው ሕግ እነዚህን ከመጠን በላይ ያበጡ የምርጫ ክልሎች ከፋፍሎ 25 አዳዲስ መቀመጫዎችን ጨመረ። የታችኛው ምክር ቤት አባላትም ከ615 ወደ 640 ከፍ አሉ።

ከተከፈሉት አንዱ በኤሴክስ አውራጃ የሚገኘው ኤፒንግ ነበር። ደቡባዊው ክፍል፣ ማለትም የዋንስቴድና ዉድፎርድ ማዘጋጃ ቤት ከቺግዌል ጋር ሆኖ ዉድፎርድ የሚል ስም ወጣለት። የቀረው ክፍል የኤፒንግን ስም ይዞ ቀጠለ።

ቸርችል ታዲያ ቀድሞ የኤፒንግ ተወካይ ነበሩ ማለት ነው?

አዎን፣ ከ1924 ጀምሮ። ከዚያ በፊት በ1900 በኦልድሃም ፓርላማ ገብተዋል፤ ቀጥለው ማንቸስተርን፣ ከዚያም የስኮትላንዷን ዳንዲን ወክለዋል። በ1922 ዳንዲ ላይ ተሸንፈው ሁለት ዓመት ከፓርላማ ውጭ ቆዩ። ከሊበራሎች ወደ ወግ አጥባቂዎች እየተመለሱ በነበሩበት በዚያ ጊዜ መጠጊያ የሆናቸው ኤፒንግ ነው።

ኤፒንግ ግን ሁልጊዜ አልተመቻቸውም። በ1938 ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን ከሂትለር ጋር በሙኒክ የተፈራረሙትን ውል ቸርችል በግልጽ ሲያወግዙ በገዛ የምርጫ ክልላቸው የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት ዘንድ ቁጣ ተነሣ። «የፓርቲያችንን መሪ የሚቃወም ሰው እንዴት ይወክለናል?» የሚል ወገን ተደራጀ፤ ከአስተባባሪዎቹ ዋነኛው ኮሊን ቶርንተን ኬምስሊ የሚባሉ የቺግዌል አካባቢ ፖለቲከኛ ነበሩ። እስከ 1939 የጸደይ ወራት ድረስ ቸርችል ከእጩነት የመሰረዝ አደጋ ነበረባቸው። ከዚህ አደጋ ያዳናቸው የአካባቢው የፓርቲ ሊቀ መንበር ሰር ጄምስ ሆኪ ታማኝነት ነው። ጦርነቱ ሲፈነዳ ቶርንተን ኬምስሊ ስሕተታቸውን አምነው ለቸርችል የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ በግርጌ ማስታወሻነት ይታለፋል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማሰላስለው ይህን ነው። በእንግሊዝ ልማድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የምርጫ ክልል ወደ ታችኛው ምክር ቤት የላከው ሰው ነው። በዚያ ክረምት የኤፒንግ አባላት ፊታቸውን ቢያዞሩ ኖሮ ቸርችል በ1940 በዚያ ወንበር ላይ ስለ መገኘታቸው ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

በ1945 ያለ ተፎካካሪ ነው ያለፉት የሚባለው እውነት ነው?

ከሞላ ጎደል። ሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) እና ሊበራል ለጦርነቱ መሪ ክብር ሲሉ በዉድፎርድ እጩ አላቀረቡም። አሌክሳንደር ሃንኮክ የሚባሉ የግል ተወዳዳሪ ግን ቀረቡ። ቸርችል 27,688፣ ሃንኮክ ደግሞ 10,488 ድምፅ አገኙ። ፓርቲ የሌላቸውና ስማቸው ብዙም የማይታወቅ ሰው፣ ጦርነቱን ከመሩት ሰው ፊት ቆመው ከአሥር ሺህ በላይ ድምፅ መሰብሰባቸው ያኔ ብዙዎችን አስደንግጧል። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም፤ የራሱ ፓርቲ እጩ ያልቀረበለት የሌበር ደጋፊ ቅሬታውን የሚያሰማበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 5 ነው። ውጤቱ የተነገረው ግን ጁላይ 26 ነበር፤ በየጦር ግንባሩ ያሉ ወታደሮች ድምፅ እስኪሰበሰብ ሦስት ሳምንት መጠበቅ አስፈልጓልና። በዚያው ቀን ቸርችል ዉድፎርድን አሸንፈው አገሪቱን አጡ። ሌበር 393 መቀመጫ ይዞ ክሌመንት አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከዉድፎርድ ተገንጥሎ የቀረው ኤፒንግ እንኳ በአንድ ሺህ በማይሞላ ልዩነት ለሌበሯ ሊያ ማኒንግ ተላለፈ። እኚህ ሴት በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የባስክ ሕፃናት ወደ እንግሊዝ እንዲሸሹ በመርዳት የሚታወሱ ናቸው።

የቀሩት ምርጫዎች ውጤትስ?

በ1950 የክብር እረፍቱ አበቃ፤ ሌሎቹ ፓርቲዎች ኮሚኒስቶችን ጨምሮ እጩ አቀረቡ። ቸርችል 37,239፣ የሌበሩ እጩ 18,740 አገኙ። በ1951 ቸርችል 40,938 ድምፅ አግኝተው፣ በአገር አቀፍ ደረጃም ፓርቲያቸው አሸንፎ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተመለሱ። ሃንኮክ በዚህ ዓመት ዳግም ቀርበው ያገኙት 851 ድምፅ ብቻ ነው። በ1955 የቸርችል ድምፅ ወደ 25,069፣ በ1959 ደግሞ ወደ 24,815 ወረደ።

ይህን ቁጥር አይቶ «መራጩ ሰለቻቸው» የሚል ሰው ይሳሳታል። በ1955 ቺግዌል ራሱን የቻለ የምርጫ ክልል ሆኖ ወጣ፤ የመራጩ ቁጥር ራሱ አነሰ እንጂ ልዩነታቸው በ1959 እንኳ 14,797 ነበር። የምርጫ ውጤቶችን የሚያወዳድር ሰው ከድምፁ በፊት ድንበሩን ማየት አለበት።

ቸርችል ዉድፎርድ ይኖሩ ነበር?

አልነበሩም። ቤታቸው ከለንደን ደቡብ፣ በኬንት አውራጃ የሚገኘው ቻርትዌል ነበር፤ መሐል ለንደን ሃይድ ፓርክ አጠገብም ቤት ነበራቸው። የእንግሊዝ ሕግ ተወካዩ በምርጫ ክልሉ እንዲኖር አያስገድድም። ቸርችል ወደ ዉድፎርድ የሚመጡት ለስብሰባ፣ ለንግግርና ለምርጫ ቅስቀሳ ነው።

«የዉድፎርድ ንግግር» የሚባለው ምንድን ነው?

ኖቬምበር 23 ቀን 1954፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል በዉድፎርድ ሕዝብ ፊት ቆሙ። በንግግራቸው መሐል፣ በ1945 ጀርመኖች በገፍ እጃቸውን ሲሰጡ ለፊልድ ማርሻል ሞንትጎመሪ ቴሌግራም ልኬ ነበር አሉ። ትእዛዙም የጀርመኖቹ መሣሪያ በጥንቃቄ ተሰብስቦ እንዲቀመጥ፣ ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ መግፋታቸውን ከቀጠሉ ለጀርመን ወታደሮች መልሶ ለማደል እንዲመች የሚል ነበር።

ንግግሩ እንደ እሳት ተቀጣጠለ። ያኔ የጦር አጋር በነበረች አገር ላይ የተሸነፈውን ጠላት መልሶ ማስታጠቅ ታስቦ ነበር ማለት ነው። ሞስኮ ተቆጣች፤ የአገር ውስጥ ጋዜጦችም ዝም አላሉም። ቴሌግራሙ ሲፈለግ ደግሞ ታጣ። ቸርችል በታችኛው ምክር ቤት ቆመው መሳሳታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1959፣ በዉድፎርድ ግሪን የቆመውን የቸርችል የነሐስ ሐውልት መጋረጃ የገለጡት እነዚያው ሞንትጎመሪ ናቸው። ቀራፂው ዴቪድ ማክፎል ነው። ቸርችል ራሳቸው በቦታው ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ የገዛ ሐውልታቸው ሲመረቅ ያዩ ሰው ሆኑ።

ሲልቪያ ፓንክረስት የቸርችል የምርጫ ክልል ነዋሪ ነበሩ?

ነበሩ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የዚህ የምርጫ ክልል ታሪክ እምብርት ይህ ነው።

ሲልቪያ የሴቶችን የመምረጥ መብት ለማስከበር ደጋግመው የታሰሩ፣ የረሃብ አድማ የመቱ ታጋይ ናቸው። ከሕይወት አጋራቸው ከጣሊያናዊው ስደተኛ ከሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ወደ ዉድፎርድ የመጡት በ1924 ነው፤ ቸርችል የአካባቢው ተወካይ ሆነው በተመረጡበት በዚያው ዓመት። በጫካው ዳር ባለች ቀይ ጎጆ ሻይ ቤት ከፍተው መንገደኛ እያስተናገዱ ይጽፉ ነበር። ልጃቸው ሪቻርድ ፓንክረስት፣ በኋላ የኢትዮጵያን ታሪክ ሲመረምርና ሲያስተምር ዕድሜውን የፈጸመው ምሁር፣ ያደገው በዚህ ሰፈር ነው።

በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ሲልቪያ ሥራቸውን ሁሉ ወደዚህ ጉዳይ አዞሩ። ሜይ 5 ቀን 1936፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚለው ሳምንታዊ ጋዜጣቸው የመጀመሪያ እትም ቀኑን ይዞ ወጣ። ጋዜጣው ለሃያ ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ቀጠለ። የመርዝ ጋዙን፣ የግራዚያኒን ጭፍጨፋ፣ የአርበኞችን ውጊያ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሳምንት በሳምንት ያሰማ ነበር። የዓለም መንግሥታት የጣሊያንን ወረራ ተቀብለው ፊታቸውን ባዞሩበት ሰዓት የኢትዮጵያ ስም ከዉድፎርድ በሚወጣ ወረቀት ላይ በየሳምንቱ ይታተም ነበር። ይህን በአእምሮዬ ስስል ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

አጼ ኃይለ ሥላሴ ስደታቸውን ያሳለፉት በባዝ ከተማ ቢሆንም ሲልቪያን በዉድፎርድ ቤታቸው ጎብኝተዋል። ሲልቪያ በ1956 ሰፈሩን ለቀው አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1960 ሲያርፉ ወለተ ክርስቶስ በሚለው ስም ፍትሐት ተደረገላቸው። ከ1924 እስከ 1956 በፓርላማ የወከሏቸው፣ መጀመሪያ በኤፒንግ ስም ቀጥሎም በዉድፎርድ ስም፣ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ቸርችል።

ሁለቱ በኢትዮጵያ ጉዳይ ይስማሙ ነበር?

በ1935 አይስማሙም። ቸርችል ወረራውን ባይደግፉም ሙሶሊኒን መግፋት ጣሊያንን ወደ ሂትለር ይወስዳታል ብለው ይሰጉ ነበር፤ ዓይናቸው ያለው በጀርመን ላይ ነው። ለሲልቪያ ግን ፋሺዝም ሮም ሲሆን ሌላ፣ በርሊን ሲሆን ሌላ አልነበረም። በኢትዮጵያ ላይ የተፈቀደ ነገር ነገ በአውሮፓ ላይ እንደሚደርስ ያስጠነቅቁ ነበር፤ ደረሰም። በዚህ ጉዳይ ሲልቪያ ከተወካያቸው ቀድመው አይተዋል ብዬ አምናለሁ።

በ1940 ጣሊያን ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ተቀየረ። ቸርችል የሚመሩት መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ረዳ። ከድሉ በኋላ ግን የእንግሊዝ ጦር በኢትዮጵያ ላይ የያዘው ሥልጣን፣ በተለይም ኦጋዴንን ማቆየቱ፣ ሲልቪያን አስቆጣ። ጋዜጣቸው የገዛ ተወካያቸውን መንግሥት ሳያሰልስ ይሞግት ጀመር። ቸርችል በፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ሲመለሱ ግብፅ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኙ፤ በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ ለንደንን ሲጎበኙም ጠቅላይ ሚኒስትሩ እርሳቸው ነበሩ። እንግሊዝ የመጨረሻዎቹን ይዞታዎች ለኢትዮጵያ ለመመለስ ስምምነት የፈረመችው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

አትሊም ዉድፎርድ ኖረዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1920ዎቹ በዉድፎርድ ግሪን ሞንካምስ ጎዳና ይኖሩ ነበር፤ በቤቱ ላይ ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፏል። በፓርላማ የወከሉት ግን የምሥራቅ ለንደኗን ላይምሃውስን ነው።

ቸርችል መቼ ለቀቁ? የምርጫ ክልሉስ ለምን ፈረሰ?

ቸርችል ከጠቅላይ ሚኒስትርነት የወረዱት በኤፕሪል 1955 ነው፤ የዉድፎርድ ተወካይነታቸውን ግን አልተዉም። በ1959 በሰማንያ አራት ዓመታቸው እንደ ገና ተመረጡ፤ ረጅሙን ጊዜ ሳያቋርጡ ያገለገሉ የምክር ቤቱ አባል በመሆናቸውም «የምክር ቤቱ አባት» የሚለው ማዕረግ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ግን በምክር ቤቱ ንግግር ማድረጉን ከሞላ ጎደል ትተውት ነበር። በ1962 ሞንቴ ካርሎ ላይ ወድቀው ከተሰበሩ ወዲህ ጤናቸው እየከዳቸው ሄደ። በ1963 ከእንግዲህ እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ለመጨረሻ ጊዜ ምክር ቤት የተገኙት ጁላይ 27 ቀን 1964 ነው፤ በማግሥቱ ምክር ቤቱ የምስጋና ውሳኔ አሳለፈላቸው። ጃንዋሪ 24 ቀን 1965 አረፉ።

ይህ መራጭ ሕዝብ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚናገርለት ተወካይ አልነበረውም ብሎ የሚወቅስ ሰው ትክክል ነው። ዉድፎርዶች ግን ያወቁትን አደረጉ፤ ሰውየውን ለታሪካቸው ሲሉ ታገሷቸው።

የምርጫ ክልሉ በጦርነት ወይም በፖለቲካ ቂም አልፈረሰም። በ1964ቱ ምርጫ ዋንስቴድና ዉድፎርድ በሚል ስም ተተካ፤ ፓትሪክ ጄንኪን እስከ 1987፣ ጄምስ አርቡትኖት ደግሞ እስከ 1997 ወከሉት። በ1997 እንደ ገና ተከፋፈለና ከፊሉ ቺንግፎርድና ዉድፎርድ ግሪን፣ ዋንስቴድ ደግሞ ሌይተንና ዋንስቴድ ወደሚባሉት ክልሎች ገቡ። የቺንግፎርድና ዉድፎርድ ግሪን ተወካይ ከዚያ ጀምሮ ኢያን ዳንከን ስሚዝ ናቸው። በአስተዳደር ረገድ አካባቢው ከ1965 ጀምሮ ከኤሴክስ ወጥቶ ሬድብሪጅ የሚባለው የለንደን ክፍለ ከተማ አካል ሆኗል።

ዛሬ ዉድፎርድ ብሄድ ከዚህ ሁሉ ምን አያለሁ?

ከመሐል ለንደን በሴንትራል መስመር ባቡር ዉድፎርድ ጣቢያ ውረዱ፤ መስመሩ እዚህ የደረሰው በዲሴምበር 1947፣ በምርጫ ክልሉ ዘመን ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ የሣር ሜዳ በሲልቪያ ስም ፓንክረስት ግሪን ትባላለች። የቸርችል ሐውልት በዉድፎርድ ግሪን ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ለማግኘት አይቸግርም።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን በዋናው መንገድ ትንሽ እልፍ ማለት አለበት። የቀይዋ ጎጆ የነበረችበት ቦታ አጠገብ፣ መንገደኛ ሁሉ ሳያየው የሚያልፈው አንድ የድንጋይ ቦምብ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ በመደብ ላይ ተተክሏል። ሲልቪያ ያሠሩት በ1935 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1932 የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ላይ፣ ሩቅ ያሉ ግዛቶችን በአውሮፕላን ቦምብ የመደብደብ መብቱ እንዲጠበቅለት መከራከሩን ለመቃወም አቆሙት። ጉዳት ደርሶበት በ1936 እንደ ገና ሲመረቅ፣ የጣሊያን ቦምብ በማይጨው በወረደበት በዚያው ዓመት፣ መጋረጃውን የገለጡት በለንደን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ነበሩ።